በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ የዕቃ ማሳያ ፊልም
ዋጋውና ልኩ ሲለወጥ አብሮ ስለሚታረም ፊልም ለአስመጪዎች፥ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ማብራሪያ

ዕቃን ለገዢ ማሳየት የንግድ ሥራ መጀመሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። በቀድሞው ጊዜ ነጋዴው ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ ደርድሮ ወይም ናሙናውን በእጁ ይዞ ያሳይ ነበር። ዛሬ ግን ገዢው ከሱቁ ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ዕቃው ሲሠራ በስልኩ ላይ አይቶ፥ ዋጋውንም ጠይቆ፥ ብዙ ጊዜም በልቡ ወስኖ ይመጣል። ስለዚህ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ የሚረዝም የዕቃ ማሳያ ፊልም፥ ይልቁንም አጠቃቀሙ መገለጽ ላለበት መሣሪያ፥ ለነጋዴው ከሱቁ ሰሌዳ የማያንስ ጥቅም የሚሰጥ ሆኖአል።

የዚህ ዓይነቱ ፊልም ትልቁ ጉድለት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በቀላሉ የማይታረም መሆኑ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስመጪዎች የዋጋ ዝርዝራቸውን ደጋግመው ለመለወጥ መገደዳቸውን አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በወረቀት ላይ የተጻፈ ዋጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታረማል። በፊልም ላይ የተጻፈውን ዋጋ ለማረም ግን ፊልም ሠሪውን እንደገና መጥራት፥ ቀጠሮ መያዝ፥ ገንዘብም መክፈል ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህን ወጪ ስለሚሸሹ አሮጌው ፊልም እንዳለ ይቀራል፤ ደምበኛውም በስልኩ ያየውን የዓምናውን ዋጋ ይዞ ባንኮኒው ላይ ሙግት ይገጥማል። ከዋጋውም የባሰ አለ፤ ይኸውም ስለ ዕቃው ኃይል፥ ስለ ልኩና ስለ አሠራሩ በፊልሙ የተነገረው ቃል ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ነው። ወደዚህ ጉዳይ ዝቅ ብለን እንመለሳለን።

ለዚህ ችግር የተገኘው አንዱ መፍትሔ ፊልሙን በካሜራና በመቀጣጠያ ጠረጴዛ ሳይሆን በኮምፒዩተር ኮድ፥ ማለትም በጽሑፍ ትእዛዝ መሥራት ነው። ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ግራንት ሳንደርሰን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ለትምህርት ፊልሞቹ የሚሆነውን ማኒም የተባለ ፕሮግራም ማዘጋጀት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ነበር። ለንግድ ሥራ ይበልጥ የሚስማማውና ዛሬ በሰፊው የታወቀው ግን ጆኒ በርገር የተባለ የስዊስ ፕሮግራመር በ2021 ያወጣው ሪሞሽን ነው። ሪሞሽን የተመሠረተው ሪአክት በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ነው። ሪአክት በፌስቡክ ኩባንያ ተዘጋጅቶ በ2013 ለሕዝብ የተለቀቀ ስለ ሆነ በየአገሩ ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች ያውቁታል። ይህም ለነጋዴው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ድረ ገጽ መሥራት የሚችል ሰው አዲስ ሙያ ሳይማር ፊልም ለመሥራት ይችላልና።

ፊልሙ እንዴት ይሠራል?

ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚባለው በእውነቱ የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎች ተራ መሆኑን የማያውቅ የለም። እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በአንድ ሴኮንድ 30 ፍሬም የሚያልፍ ከሆነ 30 ሴኮንድ የሚረዝም የዕቃ ማሳያ ፊልም 900 ሥዕሎች አሉት ማለት ነው። ሪሞሽን የሚያደርገው እነዚህን 900 ሥዕሎች አንድ በአንድ ማሣል ነው። ክሮም የተባለውን የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም መስኮቱ ሳይታይ በስውር ያስነሣና «ፍሬም ቁጥር 450 ምን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ኮዱ ለቁጥር 450 የሚገባውን ገጽ ይሥላል፤ ያ ገጽ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም 451 ይከተላል። ሥዕሎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ፋብሪስ ቤላር በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ፕሮግራም ከድምፁ ጋር አጣብቆ በስልክና በኮምፒዩተር የሚከፈት አንድ የቪዲዮ ፋይል ያደርጋቸዋል።

እንቅስቃሴውም የሚገለጸው በቁጥር ነው። ፕሮግራመሩ «ከፍሬም 0 እስከ ፍሬም 60 ቧንቧው ከግራ ጠርዝ ወደ መሐል ይምጣ» ብሎ ሲጽፍ፥ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ቧንቧው በየት በየት ማለፍ እንዳለበት መሣሪያው ራሱ ያሰላዋል። ጽሑፉ ቀስ ብሎ እንዲደምቅ፥ የዕቃው ክዳን እንዲከፈት፥ ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ እንዲወጣ የሚደረገው ሁሉ በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ፕሮግራመሮች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር ስላለ ሥራውን የሚያሠራው ነጋዴ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። እያንዳንዱ ሥዕል በፍሬሙ ቁጥር ብቻ መወሰን አለበት። ሥራው እንዲፈጥን ኮምፒዩተሩ ብዙ ስውር መስኮቶችን ባንድ ጊዜ ከፍቶ ሥዕሎቹን ያከፋፍላቸዋል። ኮዱ በኮምፒዩተሩ ሰዓት የሚመራ ወይም ዕጣ የሚጥል ከሆነ አንዱ መስኮት የሣለው ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ ፊልሙም ሲታይ ይንቀጠቀጣል። ፕሮግራመሩ በመመልከቻው ላይ ደኅና ሆኖ የታየው ፊልም ተጠናቅቆ ሲወጣ ተበላሽቶ ካገኘው ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ዕጣ ማውጣት ካስፈለገም ሪሞሽን ለአንድ ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ የሚሰጥ የራሱ መሣሪያ አለው።

ስለ መነሻው መሣሪያ

ከዚህ በላይ የተነገረውን ሁሉ ከባዶ ወረቀት መጀመር አድካሚ ነው። ስለዚህ ሪሞሽን ክሪኤት ቪዲዮ የሚባል የሥራ መነሻ መሣሪያ አዘጋጅቶአል። አንድ ሱቅ ሲከፈት ነጋዴው የሂሳብ መዝገቡን ራሱ በማስመሪያ አያሰምርም፤ ገቢና ወጪ፥ ቀንና ቁጥር በየዓምዱ ተለይቶ የታተመውን ገዝቶ መጻፍ ይጀምራል። መነሻ መሣሪያውም እንደዚያው ነው። ኖድ የተባለው ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ ካለ፥ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ አንድ መሥመር ሲጻፍ መሣሪያው የሥራውን ስም ይጠይቃል፤ ቀጥሎም የተዘጋጁትን ንድፎች ዘርዝሮ እንዲመረጥ ያደርጋል። ከንድፎቹ መካከል ፈጽሞ ባዶ የሆነ፥ ለጀማሪ ምሳሌ የሚሆን፥ ለድምፅ ቅጂ ሥዕል የሚሰጥና ሌሎችም ይገኛሉ። ለዕቃ ማሳያ ለሚጀምር ሰው የምንመክረው ባዶውን ወይም የጀማሪውን ምሳሌ ነው። ያጌጡት ንድፎች ዓይን ይስባሉ፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው ጌጥ ለማፍረስ የሚጠፋው ጊዜ አዲስ ከመሥራት ይበልጣል።

ምርጫው እንዳለቀ አንድ ፎልደር ይፈጠራል። በውስጡ የሚገኙት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛው የፊልሞቹ ማውጫ ነው፤ የእያንዳንዱ ፊልም ስም፥ ወርዱና ቁመቱ፥ በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንደ ሆነና ጠቅላላ ርዝመቱ ተጽፎበታል። ሁለተኛው በፊልሙ ላይ የሚታየውን የሚገልጸው ኮድ ነው። ሦስተኛው ፎቶግራፎች፥ የድርጅቱ ዓርማና የድምፅ ቅጂዎች የሚቀመጡበት ክፍል ሲሆን፥ አራተኛው ሥራው የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞችና የትኛው እትም እንደ ሆነ የሚመዘግብ ፋይል ነው። ከዚያም ሌላ ትእዛዝ ሲሰጥ ሪሞሽን ስቱዲዮ የተባለው መመልከቻ ይከፈታል፤ ፕሮግራመሩ ኮዱን ባረመ ቁጥር ለውጡ ወዲያው ይታያል።

በ2023 የወጣው አራተኛው እትም ለእኛ ለነጋዴዎች ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ጨምሮአል። ፕሮግራመሩ የትኞቹ ቃላትና ቁጥሮች ሊለወጡ እንደሚችሉ አስቀድሞ ከወሰነ፥ በመመልከቻው ጎን የሚሞላ ቅጽ ይታያል። ዋጋ፥ የዕቃው ስም፥ ስልክ ቁጥር፥ የዋስትና ጊዜ በቅጹ ላይ ይጻፋል፤ ፊልሙም በዚያው ይለወጣል። የሱቁ ጸሐፊ ኮድ ማንበብ ሳትችል ፊልሙን ለማረም ትችላለች ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ፥ የውሃ ፓምፕ

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ስለሚገባ፥ አንድ አስመጪ ከጉድጓድ ውሃ የሚስቡ፥ በመሬት ላይ የሚተከሉ አራት ዓይነት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፖች ያመጣል እንበል። ከፋብሪካው ጋር የመጣ የሚያምር ፊልም አለው። ፊልሙ ፓምፑ ከ8 ሜትር ጥልቀት ውሃ እንደሚስብ ይናገራል። ፋብሪካው አልዋሸም፤ ይሁን እንጂ የተናገረው በባሕር ጠለል ላይ ሆኖ ነው።

ይህ ዓይነቱ ፓምፕ ውሃውን በገመድ እንደሚጎትት ሰው አይጎትተውም። ፓምፑ በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ሲያሳሳ፥ የጉድጓዱን ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነው። የዚህ ክብደት ኃይል በባሕር ጠለል ላይ ውሃን ቢበዛ እስከ 10.3 ሜትር ያህል ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ የመጨረሻው ወሰን ከ8 ሜትር በታች ነው። በጠቅላላው ስንገምት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 1.1 ሜትር ያህል ይጎድላል። ስለዚህ በፋብሪካው 8 ሜትር የተባለው ፓምፕ አዲስ አበባ ላይ ሲደርስ 5.5 ሜትር ያህል፥ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዳማ 6 ሜትር ያህል፥ 1,200 ሜትር ገደማ ባላት በድሬዳዋ ደግሞ 6.5 ሜትር ያህል ብቻ ቢስብ የሚያስደንቅ አይደለም። ቧንቧው ረዥምና ጠባብ ከሆነ ከዚህም ይቀንሳል።

የፋብሪካውን ፊልም አይቶ የገዛው ደምበኛ ጉድጓዱ 7 ሜትር ቢሆን ምን ይከተላል? ፓምፑ ይጮኻል፤ ውሃ ግን አይመጣም። ደምበኛው ዕቃው ብልሽት አለበት ብሎ ይመልሰዋል፤ አስመጪው ፈትሾ ደኅና ነው ይላል፤ ሁለቱም እውነት ይዘው ይጣላሉ። ፓምፑን ያለ ውሃ ደጋግሞ በማስነሣቱም የውሃ መዝጊያው ይቃጠልና ደኅና የነበረው ዕቃ በእርግጥ የተበላሸ ይሆናል። አሳሳች ማስታወቂያ በሕግ የተከለከለ መሆኑን፥ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም ይህንኑ መደንገጉን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። «ፊልሙ የፋብሪካው ነው» ማለት ለደምበኛው መልስ አይሆነውም።

ፊልሙ በኮድ የተሠራ ሲሆን ግን የአዲስ አበባው ከፍታ በቅጹ ላይ የሚሞላ አንድ ቁጥር ይሆናል። ኮዱ ከፋብሪካው ልክ ላይ ስለ ከፍታው የሚገባውን ቀንሶ አዲሱን ጥልቀት ያወጣል፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም ያስተካክላል። በፊልሙ ላይ የሚታየው ጉድጓድ በዚያው ልክ ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ ውሃውም በተሰላው ከፍታ ላይ ይቆማል። ተመልካቹ ማንበብ ባይችል እንኳ የራሱን ጉድጓድ ከሥዕሉ ጋር ለማስተያየት ይችላል። ከማስነሣቱ በፊት ፓምፑን ውሃ መሙላት እንደሚገባው፥ በቧንቧው ጫፍ መመለሻ የሚከለክል ቫልቭ እንዲገባ የሚያሳየው ክፍል ግን በየትኛውም ከተማ አንድ ስለ ሆነ አይነካም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አራት ዓይነት ፓምፖች አሉ። ሦስት ከተሞች አሉ። አስመጪው በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሊያሳይ ይፈልጋል። አንዳንዱ ፊልም በሱቁ ውስጥ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ እንዲታይ የጎን ሰፊ፥ ሌላው በስልክ እንዲታይ የቁም ረዥም መሆን አለበት። አራት በሦስት፥ እንደገና በሦስት፥ በሁለትም ሲባዛ 72 ፊልሞች ይሆናል። ይህን ለፊልም ሠሪ ስጡት፤ ዋጋውን ሲነግራችሁ ሐሳባችሁን ትለውጣላችሁ። በኮድ ግን ሥራው አንድ ነው፤ የቀረው ሠንጠረዥ መሙላት ነው። ኮምፒዩተሩ ከሠንጠረዡ አንድ አንድ ረድፍ እያነበበ ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል። ዋጋው ሲለወጥም ሠንጠረዡ ይታረምና እንደገና ያድራል።

አንድን ንድፍ በሠንጠረዥ እያባዙ የመሥራት ዘዴ በሰፊ ሥራም የተሞከረ ነው። ጊትሃብ የተባለው የፕሮግራመሮች የሥራ መጋዘን ተጠቃሚዎች በ2021 መጨረሻ ላይ የዓመቱን ሥራቸውን የሚያሳይ የየራሳቸውን ፊልም ለማግኘት የቻሉት በሪሞሽን ነበር። ንድፉ አንድ፥ ፊልሙ ግን የእያንዳንዱ ሰው ነበር።

ለላኪዎች

ቡና ላኪ ለውጭ አገር ገዢ ናሙና ሲልክ አብሮ የሚልከው መረጃ አለ፤ የመጣበት ወረዳ፥ የማሳው ከፍታ፥ የታጠበ ወይም በፀሐይ የደረቀ መሆኑ፥ የቅምሻ ነጥቡ፥ ስንት 60 ኪሎ ግራም የሚይዙ ከረጢቶች እንዳሉ። ይህ ሁሉ በሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ የቡና ዕጣ የአንድ ደቂቃ ፊልም ማውጣት አያስቸግርም። ገዢው በሃምቡርግ ወይም በጅዳ ሆኖ ናሙናው ከመድረሱ በፊት ያየዋል። ለጅዳው የሚሆነው በዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ስላለበት ፕሮግራመሩ ንድፉን ሲጀምር ይህን ማወቅ ይኖርበታል፤ በኋላ ልጨምረው ቢል ገጹን ሁሉ ያፈርሳል።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ላይ የሚያሰጋ ነገር አለ። ኮዱ የተሰጠውን ቁጥር አሳምሮ ያሳያል እንጂ እውነት መሆኑን አይመረምርም። የዓምናው ዕጣ ፎቶግራፍ ለዘንድሮው ዕጣ ፊልም ውስጥ ቢቀር ፊልሙ ምንም ሳይንቀጠቀጥ ይወጣል። በወረቀት ላይ ስሕተት ሲኖር ዓይን ይይዘዋል፤ ባማረ ፊልም ውስጥ ያለ ስሕተት ግን ከነውበቱ ያልፋል። ስለዚህ ሠንጠረዡን የሚሞላውና ፊልሙን አይቶ እንዲላክ የሚፈቅደው ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ መልካም ነው።

የማይሆንበት ቦታ

ይህ ዘዴ ለሁሉ ዕቃ ይሆናል ብለን አንናገርም። የጨርቅን ልስላሴ፥ የጫማን ስፌት፥ የቅመምን ቀለም በኮድ መሣል አይቻልም፤ ካሜራ ያስፈልጋል። በካሜራ የተነሣው ቅጂ በፊልሙ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ኮዱም በላዩ ላይ ጽሑፍና ዋጋ ይጨምርበታል፤ ነገር ግን ቅጂው መጥፎ ከሆነ ኮዱ አያድነውም። ደግሞም በየሳምንቱ ልዩ ልዩ ልብስ አምጥቶ በአሥር በአሥር የሚሸጥ ባለ ሱቅ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል። ዕቃውን በእጁ ይዞ በስልኩ ቢቀርጽ ደምበኛው ይበልጥ ያምነዋል። ኮድ ዋጋውን የሚመልሰው ዕቃው ለረዥም ጊዜ አንድ ሆኖ ዝርዝሩ ሲለዋወጥ፥ ወይም ብዙ ዓይነት ኖሮት አሠራሩ አንድ ሲሆን ነው። መሣሪያ፥ መድኃኒት መርጫ፥ የፀሐይ ኃይል ዕቃ፥ ባትሪ፥ የወጥ ቤት ማሽን፥ ጎማ፥ የመኪና መለዋወጫ የዚህ ወገን ናቸው።

ስለ ፊደላችን

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ አማርኛ በፊልሙ ላይ ለመጻፍ ልዩ ዘዴ አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ከፎንቱ ነው። ፕሮግራመሩ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ባለው ፎንት ተማምኖ ከሠራ፥ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፊልሙ ሲወጣ በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረው ይገኛሉ። መድኃኒቱ ፎንቱን ራሱን በሥራው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥና ፎንቱ ተጭኖ ሳያልቅ ሥዕሉ እንዳይነሣ ማዘዝ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ያለ ክፍያ የሚገኙ ፎንቶች ናቸው። ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ የተሸመነ ስለ ሆነ በእንግሊዝኛ በቂ የነበረው መጠን በስልክ ላይ ለአማርኛ ያንሳል፤ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የአማርኛው ቃል ሲረዝም ከሣጥኑ እንዳይወጣም ንድፉን በረዥሙ ቃል መሞከር ይገባል።

ወጪና ውል

ሪሞሽን ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ ቢሆንም ለሁሉ ነፃ አይደለም። ግለሰቦች፥ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችና እስከ 3 ሠራተኛ ያላቸው የንግድ ድርጅቶች ያለ ክፍያ ይሠሩበታል፤ ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የንግድ ድርጅት የኩባንያ ፈቃድ መግዛት አለበት። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ ይህ አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል። ፈቃዱን ለመክፈል የማይፈልግ ድርጅት ሞሽን ካንቫስ የተባለውን ሌላ መሣሪያ ሊመለከት ይችላል፤ እርሱም የራሱ መነሻ አለው፤ ፈቃዱም ክፍያ አይጠይቅም። የአሠራሩ ሐሳብ ተቀራራቢ ነው፤ በሪአክት ላይ ያልተመሠረተ ስለ ሆነ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር እንደገና መጻፍ ማለት ነው።

ኮምፒዩተሩ ደኅና መካከለኛ ከሆነ ይበቃል፤ ልዩ ማሽን አያስፈልገውም። የመብራት መቋረጥ ግን ያስቸግራል፤ ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲቋረጥ እንደገና መጀመር አለበት። ረዥም ፊልም የሚያወጣ ሰው ከፍሬም 0 እስከ 449፥ ከ450 እስከ 899 እያለ በክፍል በክፍል ለማውጣት ይችላል፤ ክፍሎቹ በኋላ ይገጣጠማሉ።

በአሁኑ ጊዜ ኮዱን ራሱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተባሉት ፕሮግራሞች ማስጻፍ ተለምዶአል፤ ለመጀመሪያው ንድፍም ያፈጥናሉ። የፓምፑን ስሌት የመሰለውን ነገር ግን ዕቃውን የሚያውቅ ሰው በወረቀት አስልቶ ከፊልሙ ጋር ሳያስተያይ መቀበል አይገባም።

ከፕሮግራመር ጋር ውል ሲደረግ ብዙ ነጋዴዎች የሚረከቡት ያለቀውን ፊልም ብቻ ነው። ይህ ከሆነ በካሜራ ከተሠራው ፊልም የሚለየው ነገር የለም፤ ዋጋው በተለወጠ ማግስት ፕሮግራመሩን መፈለግ ይመጣል፤ እርሱም ሥራ ለውጦ ወይም አገር ለቅቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ሙሉው ፎልደር፥ ከነፎቶግራፉ፥ ከነፎንቱና የፕሮግራሞቹን እትም ከሚመዘግበው ፋይል ጋር፥ የድርጅቱ ንብረት መሆኑ ይጻፍ። ለፎቶግራፎቹና ለሙዚቃውም የመጠቀም ፈቃድ መኖሩ አብሮ ይረጋገጥ። ርክክቡ ፕሮግራመሩ በሌለበት፥ በድርጅቱ ኮምፒዩተር ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ፎልደሩ ይከፈት፤ ጸሐፊዋ በቅጹ ላይ አንድ ዋጋ ትለውጥ፤ አንድ ከተማም ትለውጥ፤ ፊልሙ ይውጣ። አዲሱ ዋጋ በሁሉም ቦታ ተለውጦ፥ የጉድጓዱም ጥልቀት በትክክል ተስተካክሎ ከታየ የመጨረሻው ክፍያ ይፈጸማል።